የታሸጉት ስለቶች

በጉም ወር በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የጋሜልን ሬሳ የጫነችው በቅሎ በዛርኤማ ከተማ ምሥራቃዊ በር ገባች። እኅቱ ወሪት ሰዓቱን አልረሳችውም፤ የበሩ ደወል አራተኛውን ደውሎ ድምፁ ገና ሳይጠፋ ነበር በቅሎዋን ያየቻት። ሬሳውን ከረግረጉ ያነሡት ደንገል ቆራጮች በደንገል ምንጣፍ ጠቅልለውታል። ከምንጣፉ ጫፍ የወጣውን የግራ እግር ጫማ የሰፋችው ራሷ ነበረች።

ከሦስት ወር በፊት ሙርዳ የሚባለው የጨው ዘንዶ ከረግረጉ ተነሥቶ በኤልዋ ወንዝ ምንጭ ላይ የነበረውን የጣዕም ድንጋይ ሰርቆ ሄዷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንዙ ጨው ሆነ። ከብቱ አፉን ነክሮ ራሱን እየነቀነቀ ይመለሳል፤ ማሳው ነጭ ቅርፊት አበጀ፤ የሕፃናቱ ከንፈር ተሰነጣጠቀ። ንጉሥ አውራን፣ ድንጋዩን የሚያስመልስ ጀግና ሲጠራ መጀመሪያ የወጣው ጋሜል ነበር።

በዛርኤማ ሥርዓት እንዲህ ላለ ዘመቻ የሚወጣ ሰው ከስለቶች አዳራሽ አንድ ቢላዋ ይሰጠዋል። ቢላዋው በቀይ ቆዳ ሰገባ ውስጥ ነው፤ የሰገባው አፍ በቀይ ሰም ተዘግቶ የንጉሡ ማኅተም አርፎበታል። ጠላት ፊት ሳይደርሱ ማኅተሙን መስበር ነውር ነው። አንዳንዱ ስለት አርባ ዓመት ሙሉ ፀሐይ አላየም፤ ሕዝቡም ይኮራበታል፤ ልጆቹን ወደ አዳራሹ እየወሰደ ቀዩን ሰም ያሳያቸዋል።

አዋጅ ነጋሪው በአደባባዩ ድንጋይ ላይ ወጣ።

«ስሙ፤ የንጉሥ ስለት በራሱ አይዝግም። ስለት የሚዝገው የያዡ ልብ ሲዝግ ነው። የሐርባ ልጅ ጋሜል በሙርዳ ፊት የመዘዘው ስለት ዝጎ ተሰበረ። እንግዲህ ልቡ የዛገ ነበር። በጀግኖች አፈር አይቀበርም፤ ስሙም ከቤቱ ጉበን ላይ ይፋቃል።»

ሁለት ወታደሮች መሰላል ተሸክመው ወደ እነ ወሪት ሰፈር ሄዱ። መሰላሉን ያዘጋጁት ሬሳው ከተማ ሳይገባ ነው።

ወሪት አላለቀሰችም። ምንጣፉን ፈታች። በወንድሟ ቀኝ እጅ ውስጥ የቀረው የወርቅ እጀታ ብቻ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቃ ወሰደችው። ወደ እጀታው የገባው ብረት የትንሽ ጣት ያህል እንኳ አይረዝምም። እጀታውን ስትደፋው ቡናማ ዱቄት መዳፏ ላይ ፈሰሰ።

የስለት ሹሙ ደምራስ ከሰገነቱ ሥር ቆሟል። እጆቹን በቀይ ሐር ጓንት ሸፍኗል። በዕድሜው ሙሉ ብረት በባዶ እጁ ነክቶ አያውቅም ይባላል፤ ይህም ይወደስለታል። ወሪት ዱቄቱን ዘርግታ አሳየችው።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ ይህን ስለት የተረከበው የዛሬ ሃያ ቀን ነው። ይህ የሃያ ቀን ዝገት ነው?»

«ልብ በአንድ ቀንም ይዝጋል፣ ልጄ።»

«ስለ ልብ አልጠየቅኩዎትም። ብረቱን ነው የጠየቅኩዎት። እንደ ሽንኩርት ልጥ በልጥ እኮ ነው የሚነሣው። ይህ ወንድሜ ሳይወለድ የተጀመረ ነው።»

«ሐዘንተኛ ነሽ። ለአፍሽ ይቅርታ አድርጌልሻለሁ።»

«እኔ ለእርስዎ አላደረግኩም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ወሪት ዞራ በሰገነቱ ላይ ወደተቀመጠው ንጉሥ ቀና አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጫማ ሰፊ ናት፤ በንጉሥ ፊት ተናግራ አታውቅም።

«ጃንሆይ፣ ሌላ የሚሄድ ሰው የለዎትም። እኔ እሄዳለሁ። በወንድሜ ሬሳ እምላለሁ፤ ድንጋዩን ሳልይዝ በዚህ በር አልገባም። ይዤ ከገባሁ ግን የአዳራሹ ስለቶች ሁሉ በዚህ ሕዝብ ፊት ይከፈቱ። ዝገው ከተገኙ የወንድሜ ስም ይመለስ።»

ከአደባባዩ ማዶ አንድ ሕፃን በውኃ ጥም ያለቅስ ነበር።

«ይሁን» አለ ንጉሡ። «እኔም በዘውዴ እምላለሁ። ነገር ግን በሥርዓቱ የታሸገውን ስለት ይዘሽ ትሄጂያለሽ።»

«እይዛለሁ። የምቆርጠው ግን በሌላ ነው።»

*

ቀጥቃጩ ሎማድ የሚኖረው ከቅጥሩ ውጭ ነው፤ የብረት ሠሪ ጭስ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንዳይነፍስ ተብሎ ሠፈራቸው ከነፋሱ በታች ተደርጓል። ሽማግሌው ወሪት ስትገባ ወናፉን አላቆመም። በግድግዳው ላይ ሃያ የሚያህሉ ቢላዋዎች ተሰቅለዋል። እሷ ወዲያው የሚያብረቀርቀውን አነሣች።

«እሱ ለሠርግ ነው» አለ ሎማድ።

«ስለቱ ግን ይላጫል፣ ጋሼ።»

«ዛሬ ይላጫል። ነጭ ብረት ነው፤ ቶሎ አይዝግም፣ አልዋሽሽም። መንገድ ላይ ከዶለዶመ ግን የሚመልሰው የእኔ ሞረድ ብቻ ነው። ሞረዱን ከነመስፉ ትሸከሚዋለሽ?»

አስቀመጠችው። ቀጠን ብሎ ረጅም የሆነውን አነሣች። ሽማግሌው ተቀብሎ ጫፉን በግንድ ስንጥቅ ውስጥ ከተተና ጠመዘዘው፤ ጣ ብሎ ተሰበረ። የራሱን ሥራ ሰብሮ ፊቱ አልተለወጠም።

«ሥጋ ለመቁረጥ ያገለግል ነበር። መንገድ ላይ ግን ትፈነቅይበታለሽ፣ ትቆፍሪበታለሽ፣ በድንጋይ ትመቺዋለሽ። ጀርባውን ነው ማየት። ጀርባው ወፍራም ይሁን። ከዚያ እጀታውን ሳይሆን ብረቱ እጀታው ውስጥ የት ድረስ እንደሄደ እዪ።»

ከጥግ አንድ ጥቁር ቢላዋ አወጣ። ከክንዷ አጠር ይላል፤ የመዶሻው ጠባሳ ገና ፊቱ ላይ አለ፤ አያምርም። ብረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፤ በግራና በቀኝ የወይራ እንጨት ለብሶ በሦስት ሚስማር ተመትቷል። ጀርባውን ከድንጋይ ጋር ሲያጋጨው ድምፁ ጠራ፤ አልተንቀጫቀጨም።

«ይህ በወንዝ ድንጋይ ይሳላል። ጠላቱ እርጥበት ነው። ጨው ከነካው በጣፋጭ ውኃ እጠቢው። ከዚያ አድርቂው፤ በልብስሽ አይደለም፤ ልብስሽ ላብ አለው። ከደረቀ በኋላ ሞራ ቀቢው፤ ለዓይን እስከማይታይ ቀጭን። ስታርፊ ከሰገባው አውጥተሽ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ስቀዪው።»

«ሰገባው ለምን ተሠራ ታዲያ?»

«ለመንገድ። ቆዳ በጨው ነው የሚለፋው፤ አንቺ ጫማ ሰፊ ሆነሽ ይህን አታውቂም? ስለቱን እዚያ አስገብተሽ ከተውሽው ከጨው ጋር ነው የቆለፍሽበት።»

ወሪት ታውቅ ነበር። በየቀኑ የምትሰፋው ቆዳ ነው። በአዳራሹ ያለውን ቀይ ቆዳ ግን እንደ ቆዳ አስባው አታውቅም፤ እንደ ክብር ነበር የምታየው።

«በዚያ አዳራሽ አርባ አንድ ስለት አለኝ» አለ ሎማድ። «ሙሉ አድርጌ ነው የሠራኋቸው። የወርቅ ሠሪው ለእጀታው ወርቅ ቦታ እንዲያገኝ ወደ እጀታው የሚገባውን ብረት ቆረጠው። በየወሩ ወጥተው ይወልወሉ፣ ሞራ ይቀቡ ብዬ ለደምራስ ነገርኩት። ቀጥቃጭ የታተመ ነገር አይነካም አለኝ። የሠራሁትን እኮ ነው። ወንድምሽ ሲወጣ ወገቡ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ አወቅኩት።»

የወናፉ ድምፅ ቆመ።

«አወቁት?» አለች ወሪት።

«አወቅኩት።»

«በዚህ መንገድ አይደል ያለፈው? በደጅዎ ነው ያለፈው።»

«በደጄ ነው ያለፈው። ሰላም አለኝ። ስለ ስለቱ በተናገርኩ ቁጥር ተገርፌያለሁ፤ ሦስት ጊዜ። አራተኛውን ፈራሁ።»

እጇ ላይ ጥቁሩ ቢላዋ ነበር፤ ብረት በሚቀጠቀጥበት መስፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ይዛው ብትቆይ ምን እንደምታደርግ አታውቅም። «የገዛ አፍህ እንዲህ ከብዶህ ነው ወንድሜ የሞተው» አለችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱታውን ተወች፤ እሱም ቅር አላለውም። ክንዱን የሚያህል ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ከጥግ አንሥቶ በትከሻው አደረገ፤ ሞራ የሞላውን ቀንድም በወገቡ አሰረ።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ።

«አልጠራሁህም።»

«አውቃለሁ።»

*

ረግረጉን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋቸው ነበርና ደንገል ነጋዴውን ኪዳሪን ይዘው ወጡ። ኪዳሪ ረጅም፣ ከሲታ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ስለ ሦስቱም ሚስቶቹ ተናግሮ ጨረሰ። ሚስቶቹ በሙሉ ትተውት ሄደዋል።

«ጨው ሰው እንዴት እንደሚበላ ታውቂያለሽ፣ እታለም? መጀመሪያ ጫማ ይበላል። ከዚያ ጨዋታ ይበላል። እኔን ስላልጨረሰኝ ነው ሚስቶቼ የሸሹት።»

ወሪት አልሳቀችም። ሎማድም አልሳቀም። ኪዳሪ «ከሁለት ሬሳ ጋር ነው የምጓዘው» እያለ ብቻውን ሳቀ፤ ወዲያው ግን ስለ ጋሜል ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ።

በረግረጉ ላይ የሙርዳ ትንፋሽ ቀን ከቀን ይነፍሳል። ቀጭን ነጭ ጉም ነው፤ ምላስ ላይ ይመራል፤ የኪዳሪን የቀበቶ ዘለበት በሁለት ቀን ቀይ አደረገው። ወሪት በየማለዳው ደንገል በቆረጠች ቁጥር ቢላዋውን ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ በእሳት ዳር ታሞቀዋለች፣ ሞራ ትቀባለች። በስድስተኛው ቀን ዝናብ መታቸው። ተናድዳና ደክማ ስለነበር እርጥቡን ቢላዋ ሰገባው ውስጥ ጥላ ተኛች። ጠዋት ስታወጣው ከጠርዙ አጠገብ ሰባት ብርቱካናማ ነጥቦች ነበሩ።

ደምራስ ያደረገውን እሷም አድርጋው ነበር።

ሎማድ ሳይቆጣ ተቀበላት። ደቃቅ አመድ በሞራ ለውሶ በደንገል ጫፍ በዝግታ አሻቸው።

«ገና ከላይ ነው። ሥር አልያዘም» አለ። «ነይ፣ አንቺው ጨርሽው።»

«እንዲህ እያደረግክ ልታስታርቀኝ ነው?»

«ዝገቱን ነው የማስለቅቀው፣ ልጄ።»

ጋሜል የታሸገውን ስለት ይዞ በዚህ መንገድ ሲሄድ ማንም ይህን አላሳየውም። የተሰጠው ቀይ ሰምና ጭብጨባ ብቻ ነበር። ይህን ስታስብ በወገቧ ላይ የተንጠለጠለውን የራሷን ማኅተም በጥፍሯ ልትሰብረው ጀመረች። ሎማድ እጇን ያዘ።

«እሱን አትንኪው። ሳይነካ መመለስ አለበት። ወንድምሽ ሌላ ምስክር የለውም።»

በስምንተኛው ቀን ስንቁ አለቀ። በቀንዱ ውስጥ የቀረችው ሞራ የጡጫ ያህል ነበረች። ኪዳሪ ቀንዱን አሽትቶ መለሰ።

«የበግ ነው» አለ በሐዘን። «ብረት የበግ ሞራ ሲበላ እኔ የደንገል ሥር አኝካለሁ። በሚቀጥለው ሕይወቴ ቢላዋ ሆኜ ልፈጠር።»

«ብትፈጠርም ዱልዱም ነው የምትሆነው» አለ ሎማድ፤ ወሪት ሳታስበው ሳቀች። ከሬሳው ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ወዲያውም በራሷ ተናደደች።

በዘጠነኛው ቀን ማለዳ የጨው ኮረብታውን አዩት። ሎማድ የቀረችውን ሞራ ሁሉ አውጥቶ ቢላዋውን በሁለቱም ፊት፣ በሚስማሮቹ ራስ፣ በእጀታው ስፌት ሳይቀር ቀባው። ቀንዱ ባዶ ሆነ። የብረት ዘንጉ ድንጋይ ላይ ደረቅ ሆኖ ተጋድሟል።

«ዘንግህስ?» አለች ወሪት።

«ወፍራም ነው።»

*

ሙርዳ በቀትር ፀሐይ በኮረብታው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ርዝመቱ እንደ ከተማው ቅጥር ነው፤ ቆዳው በጨው ፍሬ ተሸፍኖ ያብለጨልጫል፤ በተነፈሰ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ይነጣል። ሰማያዊው የጣዕም ድንጋይ ከታችኛው መንጋጋው ውስጥ፣ ከጥርሶቹ ሥር ተሰክቶ ሥጋው በቅሎበታል። ድንጋዩን ለማውጣት አፉ መከፈት አለበት፤ ከተከፈተም መዘጋት የለበትም።

ኪዳሪ ከግራ በኩል ጣሳ እየደበደበ ወጣ። «አንተ የወጥ ቤት ጨው» አለ በሙሉ ድምፁ። ዘንዶው ራሱን አነሣና አፉን ከፍቶ ወረደበት። በዚያች ቅጽበት ሎማድ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ ወጥቶ ዘንጉን በላይኛውና በታችኛው መንጋጋ መካከል አቆመ። ራሱም ከሥሩ ገብቶ በትከሻው ደገፈው።

«ግቢ» አለ።

ወሪት እስከ ወገቧ ድረስ አፉ ውስጥ ገባች። ጉሙ ዓይኗን አቃጠላት። ቢላዋውን በድንጋዩና በሥጋው መካከል ከተተች፤ በሌላ ድንጋይ መታችው፤ ጠመዘዘችው። ስለቱ ጎበጥ ብሎ ተመለሰ፤ አልተሰበረም። እንደገና መታች። ከአጠገቧ የሚንጣጣ ድምፅ ሰማች። ዘንጉ ነበር፤ ዓይኗ እያየ ቀላ፣ ቡናማ ሆነ፣ እንደ ዛፍ ቅርፊት ይረግፍ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይልቀቁት፤ ይውጡ።»

«ስንት ቀረሽ?»

«አንድ ወገን።»

«እንግዲያስ እሱን ጨርሺ። ወሬ አታብዢ።»

ጨረሰች። ድንጋዩ ደረቷ ላይ ወደቀ፤ ኪዳሪ እግሯን ይዞ ወደ ኋላ ጎተታት። ወዲያው ዘንጉ ለሁለት ተሰበረና መንጋጋው በሎማድ ላይ ተዘጋ። ድንጋዩ ከሥሩ የተነቀለበት ሙርዳ ከራሱ ጀምሮ እየነጣ፣ እየደረቀ፣ ወደ ጨው ክምርነት ተለወጠ። ወሪትና ኪዳሪ እስከ ምሽት ቆፈሩ። ከሎማድ ያገኙት የሞራውን ባዶ ቀንድ ብቻ ነው። ወሪት በጨው ላይ ተቀምጣ ሰደበችው። ዘንግህ ወፍራም ነው አልክ፣ ውሸታም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይቅር እንድልህ አልጠየቅከኝም እያለች ድምጿ እስኪዘጋ ሰደበችው። ከዚያ ቢላዋውን በምራቋ አጥባ አደረቀችው።

*

ድንጋዩ ወደ ምንጩ በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ኤልዋ ጣፋጭ ሆነ። ሕዝቡ በወንዙ ውስጥ እስከ አንገቱ ቆሞ ይጠጣ ነበር። ወሪት አልጠጣችም፤ በቀጥታ ወደ አደባባዩ ሄደች።

«ጃንሆይ፣ መሐላዎን» አለች።

ደምራስ ቀደመ። «ጃንሆይ፣ ድል በሆነ ቀን የተቀደሱትን ስለቶች ማኅተም መስበር ምን ይባላል? ልጅቷ ድንጋዩን አምጥታለች፤ ትሸለም።»

«ሽልማት አልጠየቅኩም።» የታሸገውን ስለት ከወገቧ ፈታ ለንጉሡ ዘረጋች። «ማኅተሙን ይመርምሩት። የራስዎ ነው፤ ሙሉ ነው። ይህን ስለት እኔ አልመዘዝኩትም፤ ማንም በእጁ አልያዘውም።»

ንጉሡ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ሰበረው። ስለቱ አልወጣም። አንድ ወታደር ሰገባውን፣ ሌላው እጀታውን ይዞ ጎተቱ፤ እጀታው ብቻውን ወጣ። ቡናማው ዱቄት በንጉሡ ነጭ ልብስ ላይ ፈሰሰ።

«ሌሎቹን አምጡ» አለ ንጉሡ።

እስከ ቀትር ከፈቷቸው። ከአርባዎቹ ሠላሳ አራቱ ዝገዋል።

«በማን ልብ ነው የዛጉት፣ ጌታዬ?» አለች ወሪት ለደምራስ። «የያዛቸው ሰው የለም። እርስዎ ብቻ ነዎት የጠበቋቸው። አርባ ዓመት ቆልፈው ሰም ቀቡባቸው፤ የሠራቸው ሰው አውጡና ወልውሏቸው ብሎ ሲለምንዎት ገረፉት። ወንድሜ ዘንዶውን አልፈራም። ሰገባው ውስጥ ብረት አለ ብሎ አመነዎት።»

ደምራስ ጓንቱን እያስተካከለ «ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም» አለ።

አዋጅ ነጋሪው በዚያው ድንጋይ ላይ ወጥቶ የጋሜልን ስም መለሰ። ወሪት አንድ ነገር ጨመረች፤ የቀጥቃጩ የሎማድ ስምም በጀግኖች መዝገብ ይግባ አለች። ጸሐፊዎቹ ተያዩ። ቀጥቃጭ በዚያ መዝገብ ገብቶ አያውቅም። ብዙ ከተመካከሩ በኋላ ስሙን በስንቅ ተሸካሚዎች ዝርዝር፣ ከበቅሎዎቹ በላይ ጻፉት። ወሪት መዝገቡን አየችው፤ በአደባባዩ ፊት ምራቋን ተፋችበትና ወጣች፤ ወታደሮቹ ሊይዟት እጃቸውን አላነሡም።

በዚያ ወር የጋሜል አጥንት ወደ ጀግኖች አፈር ተዛወረ። ቀይ ሰገባዎቹ ተቃጠሉ፤ ከዚያ ወዲህ የአዳራሹ ስለቶች በግልጥ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ በየወሩ መባቻ ቀጥቃጮች በፊት ለፊት በር ገብተው ሞራ ይቀቧቸዋል። ደምራስ ከስለት ሹምነት ተነሥቶ የግብር ቤት ሹም ተደረገ፤ አሥራ አንድ ዓመት አገልግሎ በአልጋው ላይ ሞተ።